ፕላዝማ ስላስመረረን ቪዲዮን አንተው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዲጂታል ትምህርት ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የምጽፈው ስለ ማዳመጥ ብቻ ነው።

መማሪያ መጽሐፉ የማዳመጥ ክፍል አለው። ጽሑፉ መምህሩ ዘንድ ነው፤ እሱ ያነባል፣ ተማሪው ሰምቶ ይመልሳል። ክፍል ውስጥ ግን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ማዳመጥ የለማ! ብናነብላቸውም ዓመቱን ሙሉ የሚሰሙት የኛኑ ድምፅ ነው፤ ቃል በቃል እየለየን፣ በሐበሻ እንግሊዝኛችን።

አጫጭር የዩቲዩብ ቪዲዮዎችን ክፍል ይዘን እንግባ ስል፣ ነባር መምህራን «ደግሞ ፕላዝማ ሊመጣ ነው?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት፣ ክፍል ውስጥ ባለ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ይለቀቅልን ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ይጠይቃል፤ ልጆቹ ጥያቄው ሳይገባቸው መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። መምህሩ ጥግ ይዞ ያያል። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ሄደ።

ስልኬ ላይ ያወረድኩትን ቪዲዮ ግን አቆመዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ ፍጥነቱንም እቀንሰዋለሁ። በቅርቡ የሁለት ደቂቃ ቃለ ምልልስ ከፈትኩላቸው። «ዲድ ዩ» የሚለውን የማይጽፍ ልጅ የለም። ተናጋሪዋ ግን «ዲጁ» ብላ እብስ አለች። ክፍሉ ጭጭ። መለስኩት፤ አሁንም ጭጭ። እንደገና ስከፍተው ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ዲድ ዩ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ማን ይቻለው!

ብዙ ወጪ የለውም። ዳታ ውድ ስለሆነ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ በፍላሽ መያዝ ነው። የስልክ ድምፅ ለስድሳ ልጅ አይበቃም፤ አንዲት ትንሽ ስፒከር ግን ትበቃለች። ጥያቄውን አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ከሥር የሚሄደውን ጽሑፍ መዝጋት። ጽሑፉ ካለ ልጁ ያነባል እንጂ አይሰማም። ቲክቶክ ላይም የሚስቁት አብዛኛውን ጊዜ አንብበው ነው። ለጀማሪ የሚከብድ ከሆነ በዝግታ የተነገረ አለ፤ የአሜሪካ ድምፅ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1,500 ገደማ ቃላት፣ ቀስ ብሎ የሚነበብ እንግሊዝኛ ለአሥርተ ዓመታት ሲያዘጋጅ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የመምህሩ በጎ ፈቃድ ሆኖ ከቀረ አይዘልቅም። ነጥብ የሌለው ነገር ላይ ተማሪውም አይደክምም፤ እኛም እንደዚያው። ብሔራዊ ፈተናው ማዳመጥን እስኪያካትት አልጠብቅም። ትምህርት ቤቶች ከሴሚስተሩ መቶ ነጥብ አሥሩን ለማዳመጥ ቢሰጡ ማንም አይከለክላቸውም። ከሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመር ይቻላል።

የእንግሊዝኛ መምህር
ከሐዋሳ