የፎቶግራፍ ክበብ፦ ቀስቱን ተከተሉ

ዘንድሮ ክበባችን 23 አባላትና አንድ ካሜራ ነበረው። የካሜራው ባትሪ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያለቀው በወረፋ ነው ማለት ይቻላል።

ኅዳር ላይ ለልጆቹ «ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ፎቶ አምጡ» አልኳቸው። አብዛኞቹ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጡ አዛውንቶችን አነሱ። አንዱ እንቅልፍ የጣለው ሊስትሮ አመጣ። ሁላችንም ከንፈር መጠጥን። ደወል ተደወለ፤ ወጣን። በቃ።

በሳምንቱ የሰባ ሰባቱን ድርቅ አነሳሁ። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። ዓለም ደነገጠ። ሐምሌ 6 ደግሞ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ለዚሁ እርዳታ ተካሄደ። እኔ የምስሉን ጉልበት ላስረዳ ነበር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የተቀረጹት ሰዎች ስማቸው ተጠይቆ ነበር?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ያን ቀን ሕግ አወጣን፦ ስሙን ያልጠየቅነውን ሰው አናነሳም። የሊስትሮው ፎቶ ከግድግዳ ወረደ። ያነሳው ልጅ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። (በኋላ ሄዶ ከሊስትሮው ጋር ተዋወቀ። አሁን ጓደኛሞች ናቸው፤ ጫማውም ያበራል።)

የጥምቀት ፎቶዎቻችንን የምትጠይቁ አላችሁ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ሚሞሪውን ፎርማት አደረግሁት።

ከገና ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ቧንቧ ውሃ አቁሞ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ የደረቀውን ቧንቧ አነሱ። ማንንም አልነካም። የደረቀ ቧንቧ ያላየ ማን አለ? ከዚያ ሁለት ልጆች ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል በር ላይ ቆመው የሚገባውን ተማሪ እጅ ብቻ ማንሳት ጀመሩ። እያንዳንዱ እጅ ሃይላንድ ይዟል። አንዷ ሁለት ይዛለች፤ አንዱ የታናሽ ወንድሟ ነው። በሦስት ጠዋት 48 እጅ ተነሳ፤ የ48ቱም ስም ደብተር ላይ ሰፈረ።

በወላጆች ቀን ፎቶዎቹን ኮሪደሩ ላይ በአንድ መስመር ለጠፍናቸው። መጨረሻው ላይ «ቧንቧው በዚህ በኩል ነው» የሚል ቀስት አደረግን። ሌላ ጽሑፍ የለም። ወላጆች የልጃቸውን እጅ ፍለጋ ገቡ። «ይቺማ የኔ ናት፣ አምባሯን አየሁት!» አሉ አንዲት እናት። ከዚያ ቀስቱን ተከትለው ሄዱ፤ ቧንቧውን ከፈቱት። ምንም። ከአባቶቹ አንዱ ለካ የቧንቧ ሠራተኛ ኖረዋል፤ ቅዳሜ ከነመፍቻቸው መጡ። የቱቦውን ዋጋ ወላጆች አዋጡ። ረቡዕ ውሃ መጣ። ግፊቱ ደካማ ነው፤ ግን መጣ።

ፎቶዎቹ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ናቸው፤ 47 ብቻ ቀርተዋል። አንዱን ባለቤቷ ነቅላ ወስዳዋለች። አልተቆጣናትም፤ እጁ የራሷ ነው።