ወንድሜ የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው

ሰብልዬ፣

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። የክርስትናውን ፎቶ ልከሽልኝ "እሰይ" እንኳ አላልኩም። ይቅርታ። ስድቡን ለኋላ አቆዪልኝና መጀመሪያ ስሚኝ። ሳይቸግራት አትጽፍም ስትዪ ከዚህ ይሰማኛል፤ እውነትሽን ነው።

ኪሩቤል ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያድራል፣ ቀን ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል። አክሲዮን ይዟል። የአንዱ ዋጋ 40 ሳንቲም! ፔኒ ስቶክ ይሉታል፤ ከ5 ዶላር በታች የሚሸጥ የትናንሽ ኩባንያዎች አክሲዮን ነው። "አንድ ዶላር ብቻ ይግባ እንጂ ከእጥፍ በላይ ነው" ይለኛል። አሁን ደግሞ እቁብ ደርሶታል። ሙሉውን ሊጨምርበት ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ዋጋው አይደለም፣ የአክሲዮኑ ብዛት ነው። ኩባንያው ይህ ነው የሚባል ሽያጭ የለውም። ደሞዝ የሚከፍለው አዲስ አክሲዮን እያወጣ በመሸጥ ነው። ሪፖርቱን ራሴ አነበብኩት (አትሳቂ፤ አዎ፣ ሒሳብ ካንቺ ስኮርጅ ያደግኩት እኔ)። የአክሲዮኑ ብዛት እጥፍ ሲሆን የኪሩቤል ድርሻ ግማሽ ይሆናል። ስልኩ ላይ የሚያየው የአክሲዮኖቹ ቁጥር ግን አንድም አልጎደለም፤ ስለዚህ ምንም የተነካበት አይመስለውም። ከሽያጩ ገንዘብ ይገባል፣ እሺ። ግን በቅናሽ ይሸጡታል፣ የተገኘውም ወራት አይቆይም። ለገዢው ደግሞ ዋራንት ይመርቁለታል፤ ወደፊት በተቆረጠ ዋጋ ሌላ አክሲዮን የመግዛት መብት ማለት ነው። ዋጋው ትንሽ ቀና ሲል እነሱ ዋራንታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አዲስ አክሲዮን ይጎርፋል።

አንቺም የባንክ አክሲዮን አለሽ፤ ብሔራዊ ባንክ ባንኮቹን ካፒታላችሁን 5 ቢሊዮን ብር አድርሱ ካለ ወዲህ "ባንኩ በየጊዜው ጨምሪ ይለኛል" ብለሽ ስታማርሪ ነበር። እናንተን ቢያንስ ቀድሞ ይጠይቃችኋል። እዚህ ግን የኩባንያው ደንብ ካልፈቀደለት በቀር ነባሩ ባለአክሲዮን ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የለውም። ማታ ከሌላ ሰው ጋር ይዋዋላሉ፣ አንቺ ጠዋት ዋጋው ወርዶ ታገኚዋለሽ።

መለን ይባል የነበረውን የካሊፎርኒያ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ ነገርኩት። ናስዳክ በሚባለው የአክሲዮን ገበያ ላይ አክሲዮን ለ30 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከአንድ ዶላር በታች ከቆየ ከገበያው ልትወጡ ትችላላችሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። መፍትሔያቸው ሪቨርስ ስፕሊት ነው፤ ብዙውን አክሲዮን ጨፍልቀው አንድ ያደርጉታል፣ ዋጋው በወረቀት ከፍ ይላል። መለን በ2023 ብቻ ሦስቴ አደረገው፦ በግንቦት 25ቱን አንድ፣ በነሐሴ 9ኙን አንድ፣ በታኅሣሥ 100ውን አንድ። አባዢው። ዓመቱን በ22,500 አክሲዮን የጀመረ ሰው በአንድ ጨረሰ። መጨፍለቁ ብቻውን ድርሻውን አይነካም ነበር፤ ግን በየመሐሉ አዲስ ያወጡ ነበር።

ኪሩቤል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ይሄኛው ይለያል።"

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳታወሪ። አንዳንዴ እኔም "ቢሳካለትስ?" እላለሁ። ለእማዬ ቤት ልሠራላት ነው ይላል። እንዲህ ሲለኝ አፌ ይታሰራል፣ ቁጣዬም ውሸት ይመስለኛል። ደግሞ እኔ ስናገር ቅናት ይመስለዋል መሰለኝ... እንጃ።

አንቺን ግን ይሰማል። ማትሪክ ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ፤ ዛሬም ስምሽ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እሑድ አይሠራም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ በእናንተ ማታ አንድ ሰዓት ግድም ደውዪለት። "ሽጥ" እንዳትዪው፣ እልኸኛ መሆኑን ታውቂያለሽ። "አምና ስንት አክሲዮን ነበር፣ ዘንድሮስ ስንት ደረሰ?" ብለሽ ብቻ ጠይቂው። የዓመታዊ ሪፖርቱ ሽፋን ላይ አለ፣ ራሱ ፈልጎ ያንብብልሽ።

እኔ እንደነገርኩሽ ካወቀ አለቀልኝ። ይሄን እሑድ እንዳያልፍሽ፣ እቁቡን የሚቀበለው ሰኞ ነው።

ያንቺው ማርታ