ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች፦ ከጀልባው ስለቀሩት 14 ተማሪዎች

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የትምህርት ዘመኑን በሰላም ለማጠናቀቅ እንኳን አበቃን። የውጤት ካርድ ዓርብ ጠዋት ይሰጣል፤ ከቤተ መጻሕፍት የተወሰዱ መጻሕፍት እስከዚያው እንዲመለሱ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ የምዝገባው ቀንም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የሐይቁ ጉዞ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ 58 ተማሪዎች ይዘን ሐይቅ ወርደናል። 44ቱ በሁለት ጀልባ ተከፍለው ደሴቱን ዞረው፣ ወፎቹን አይተው ተመልሰዋል። 14ቱ ዳር ቀርተዋል። የቀሩት በልካቸው የሚሆን ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ልብስ) ስላልተገኘ ነው። እንዲቀሩ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ የክፍል ኃላፊ መምህራኑ ትእዛዜን ከመፈጸም በቀር ያደረጉት ነገር የለም። ስለዚህ በእነሱ ላይ የምትሰነዝሩት ወቀሳ ወደ እኔ ይዙር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቢሮዬ ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፤ ስልክ የደወላችሁ፣ በወላጆች ግሩፕ ላይ የጻፋችሁም አላችሁ። «ልጄ እያለቀሰ ነው ቤት የገባው» ያሉኝ እናት እውነታቸውን ነው። አልቅሷል፤ አጠገቡ ነበርኩ። ጓደኞቹ ከጀልባው ላይ እጃቸውን እያውለበለቡ ሲርቁ ዳር ቆሞ ማየት ለስምንት ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ቀንም አቅልዬ አላየሁትም፤ ዛሬም አላቀልለውም።

ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ቅሬታ «ጃኬት ሞልቶ ነበር እኮ፤ ልጄ በዓይኑ አይቷል» የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ሞልቶ ነበር። የጎደለው የልጅ ጃኬት ነው። ለልጅ የሚሆን ላይፍ ጃኬት የሚመረጠው በክብደት ነው፤ ለስንት ኪሎ እንደተሠራ በውስጥ በኩል ተጽፎበታል። ለትናንሾቹ የሚሆኑት ዘጠኝ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የሚያስፈልጉን ደግሞ 23 ነበሩ። ዘጠኙ በስም ዝርዝሩ ቅደም ተከተል ተሰጡ፤ «በማን ምርጫ?» ላላችሁኝ መልሱ ይኸው ነው፤ ማንም አልተመረጠም።

ባለጀልባው «ትልቁን አልብሳችሁ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጉት» አሉኝ። ሞከርነው። አንዱን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የአዋቂ ጃኬት አልብሰን ማሰሪያዎቹን እስከ መጨረሻው ሳብናቸው። ከዚያ ጃኬቱን በሁለቱ ትከሻ በኩል ይዤ ወደ ላይ ብድግ አደረግሁት። ጃኬቱ ተነሣ፤ ልጁ መሬት ላይ እንደቆመ ቀረ። አገጩ ገባ፣ አፉ ገባ፣ ጆሮዎቹ ተሸፈኑ፤ የሚታየኝ ዓይኑ ብቻ ነበር። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ «ተሳፈር» ልለው አልቻልኩም። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ የሚሆነው ይኸው ነውና፦ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ከሥሩ እየተንሸራተተ ይወርዳል። እንዲያውም እንዲህ ያለው ጃኬት ፊቱን ሸፍኖ፣ እጁን ይዞ ያግደዋል።

አሁን ወደ ጠንካራው ጥያቄ ልምጣ። «የመጀመሪያዎቹ ሲመለሱ ጃኬቱን አውልቃችሁ ለቀሩት በማልበስ ለምን በዙር አልወሰዳችኋቸውም?» ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እቅዳችንም ይኸው ነበር፤ ለልጆቹም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ ልቅሶውን ያባሰውም ቃሌን መለወጤ እንደሆነ አውቃለሁ። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነበር። በሞቃት ቀን ከሰዓት በኋላ መሬቱ ከውሃው ይልቅ ስለሚግል ከሐይቁ ወደ ዳር የሚነፍሰው ነፋስ እየበረታ ይሄዳል። ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ የነበረው ውሃ ያን ሰዓት ነጭ አረፋ ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ከማረፊያው ጋር የታሰረችው ጀልባ ራሷ ከእንጨቱ ጋር እየተላተመች ነበር። ባለጀልባው «ይህ ምንም አይደለም» አሉ። ለእሳቸው ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን የሚያምኑኝ 14 ልጆች ከጎኔ ቆመዋል፤ ሁሉንም ለማድረስ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ዙር ያስፈልግ ነበር። የሁለተኛው ዙር ልጆች ሲወጡ ውሃው ምን ይመስል ነበር? ስለዚህ አልፈቀድኩም። ነገም ያው ሰዓት፣ ያው ውሃ ቢገጥመኝ አልፈቅድም።

«ጃኬቱ አስቀድሞ ለምን አልተጣራም?» የሚለውን ግን አልከላከልም። በስልክ «ለሁሉም አለ» ስባል አመንኩ። ከአንድ ቀን በፊት ሰው ልኬ አስቆጥሬ፣ ልካቸውንም አሳይቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ይህ የትምህርት ቤቱ ጥፋት ነው፤ ለ14ቱ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለጀልባው የከፈላችሁት ገንዘብም ከሰኞ ጀምሮ ከሒሳብ ክፍል ይመለስላችኋል። ይቅርታ የምጠይቀው ግን ባለማጣራቴ ነው። ልጆቹን ስላላሳፈርኩ አይደለም፤ ሁለቱን እንድትለዩልኝ እለምናችኋለሁ።

«ጀልባዋ ከዳር ሩቅ አትሄድም፤ ምን ይህን ያህል ያስፈራል?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1915 ኢስትላንድ የተባለች መርከብ በሽርሽር የሚሄዱ ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ጭና በቺካጎ ወንዝ ላይ ቆማ ነበር። ገና ጉዞዋን ሳትጀምር፣ ከማረፊያው ጋር እንደታሰረች በጎኗ ተገለበጠች፤ 844 ሰዎች አለቁ። የውሃው ጥልቀት 6 ሜትር ገደማ ነበር፤ ዳሩም እዚያው ነበር። ይህ ድሮ ነው ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተገለበጠችውን የታንዛኒያ ጀልባ ኤምቪ ኔሬሬን አስቡ። 101 ሰው እንድትይዝ የተፈቀደላት ነበረች፤ በአደጋው 228 ሰዎች ሞቱ። የሰመጠችው ማረፊያዋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ነው። ውሃ ለዳር ቅርብ ስለሆኑ ሰዎች ብሎ የሚያዝነው ነገር የለም።

የእኛዎቹ ትናንሽ ጀልባዎች ናቸው፣ ከእነዚያ ጋር አይወዳደሩም ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ጀልባን ለማዘንበል ግን ጥቂት ሰው ይበቃል። መምህራኑ እንደነገሩኝ፣ ቅዳሜ ዕለት የደሴቱ ወፎች በአንድ ጊዜ ግር ብለው ሲነሡ በአንደኛው ጀልባ ላይ የነበሩት ልጆች በሙሉ ለማየት ወደ ቀኝ ተነሡ። ጀልባዋ አዘነበለች፤ ውሃው እስከ ጠርዟ መጣ። የሳይንስ መምህራችን ጮኸው አስቀመጧቸው። ልጆቹን አልወቅስም፤ ወፍ ያየ ልጅ ይነሣል፤ ወደ ሐይቅ የወሰድናቸውም እንዲህ ዓይነቱን ነገር እንዲያዩ ነው። ያን ጊዜ ግን እያንዳንዳቸው በልካቸው የሆነ ጃኬት ለብሰው ነበር። ይህን ስሰማ ዳር ስለቀሩት ያደረብኝ ጥርጣሬ ሁሉ ለቀቀኝ።

«ልጄ መዋኘት ይችላል» የሚለው ደግሞ አለ። ዋና መቻል ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ሁሉም ቢማሩ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ገንዳ ውስጥ ተዘጋጅቶ መዋኘት አንድ ነገር ነው፤ ከነልብሱና ከነጫማው ሳያስብ ሐይቅ ውስጥ መውደቅ ሌላ ነው። ላዩ ለብ ያለ ሐይቅ ጥቂት ሜትር ወረድ ሲባል ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ይወስዳል። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል። አፉ በዚያች ቅጽበት ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። በየዓመቱ የሚወጣው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ዘገባም በጀልባ አደጋ ሰምጠው ከሞቱት ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ጃኬት ያልለበሱ እንደነበሩ ያሳያል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ከሁላችንም የተሻለ ዋናተኛ እሱ ነበር። ከረጅሙ ዕረፍት ስንመለስ እሱ አልተመለሰም። መምህራችን ስሙን ከመዝገቡ ለመሰረዝ እጃቸው አልታዘዝላቸው ብሎ ብዙ ቀን ቆዩ፤ ስም ሲጠሩ እሱ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆም ይሉና ወደሚቀጥለው ያልፉ ነበር። የሚቀጥለው ስም የእኔ ነበር። «እኛም ያለ ጃኬት ነው ያደግነው» ለምትሉኝ የምመልሰው ይህንን ነው። እኛ አድገናል። ያላደጉት ግን መጥተው አይናገሩም።

ሌላም አለ፤ «መምህራኑ እያዩ ነው፤ ልጅ ቢወድቅ ጮኾ ይጠራል» ይባላል። የሚሰምጥ ልጅ በአብዛኛው አይጮኽም። አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለመተንፈስ ብቻ ነው፤ ለመጮኽ አይተርፈውም። እጁንም አያውለበልብም፤ ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል እንጂ። ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ይሰምጣል። አንድ መምህር የሌላውን ልጅ ጫማ እስኪያስር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ገደማ ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ይገምታል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ነው።

ጃኬቱ ይሞቃል፣ ፎቶ ያበላሻል ስለተባለው ብዙ አልናገርም። ይሞቃል። ውሃ እናጠጣቸዋለን።

አንድ አባት ደግሞ «እኔ እፈርማለሁ፤ ኃላፊነቱን እኔው እወስዳለሁ» ብለውኛል። ለልጃቸው ካላቸው ፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፤ ከጓደኞቹ እንዳይለይባቸው ነው። ነገር ግን ጌታዬ፣ ፊርማዎት ልጁን ውሃ ላይ አይዘውም። እዚያ ቀን እርስዎ አይኖሩም፤ የምኖረው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ከሕግ ቢያስመልጠኝ እንኳ ማታ በርዎን አንኳኩቼ ልነግርዎት የምችለውን ቃል አያቀብለኝም።

ዳር የቀሩት ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ እንዳልዋሉም ላሳውቃችሁ እወዳለሁ። ከሁለት መምህራን ጋር ወፍ ቆጠሩ፤ በሸምበቆው ሥር የውሃ ነፍሳት ፈለጉ። ከዚያ አንዷ መምህርት በጣሳ ውስጥ ሳንቲም አስቀምጠው ልጆቹን ሳንቲሙ እስኪሰወርባቸው ድረስ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ አደረጓቸው፤ ቀስ ብለው ውሃ ሲያፈሱበት ሳንቲሙ ከነበረበት ሳይነቃነቅ ብቅ አለ። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ ከውሃው ሥር ያለው መሬት ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል፤ 2 ሜትር የሆነው ከላይ ሲያዩት 1 ሜትር ተኩል ገደማ ይመስላል። ቀድሞ ያለቀሰው ያ ልጅ ትንሽ አሰበና «እንግዲህ እቆምበታለሁ ያልኩት ቦታ አያስቆመኝም ማለት ነው» አለ። ማንም አልነገረውም፤ ራሱ ደረሰበት።

በዕረፍቱ ወራት ሁለተኛ ጉዞ ይኖራል። በዚያ ጉዞ ከመጀመሪያው ጀልባ የሚሳፈሩት እነዚህ 14 ልጆች ናቸው። በዕለቱ በጠዋት ወጥተን ነፋሱ ሳይነሣ እንመለሳለን። ጃኬቶቹን ትምህርት ቤቱ ራሱ አዘጋጅቷል፤ በባለጀልባ ቃል አንሄድም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ የልጃችሁን ክብደት በኪሎ በትክክል ሙሉ፤ «መካከለኛ» ወይም «ደህና ነው» የሚል መልስ አይጠቅመንም። ከጉዞው በፊት በሚኖረው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ጃኬቱን ለብሶ፣ በትከሻው ተይዞ ይሞከራል። በጀርባ ተንሳፍፎ መቆየትም እናለማምዳቸዋለን። ጃኬት እንዲለብስ የማትፈቅዱለት ልጅ ካለ አይሳፈርም፤ ዳር ከመምህራኑ ጋር በክብር ይውላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከአሁን በኋላ ሐሳቤን የሚለውጥ ስልክ እንዳይደወልልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጉዞውን ብሰርዘው ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ያን ያሉኝ ባልደረቦችም አሉ። ነገር ግን የሐይቅ ዳር ቀን ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ከውሃው ላይ ሆኖ መሬቱን ማየት ክፍል ውስጥ የምንሰጣቸው ትምህርት አይደለም። ሁሉም እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ጃኬቶቹ ቢሮዬ ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅለዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ልጃችሁን ይዛችሁ ኑና አልብሱት። በትከሻው ይዛችሁ ብድግ የምታደርጉት እናንተው ራሳችሁ ብትሆኑ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ርእሰ መምህር