ስለ ሮን ባራሲስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የስፖርት ዓምዳችሁ ታላላቅ አሠልጣኞችን ሲያነሣ ከአውሮፓ አይወጣም። እኔ በምኖርበት በሜልበርን በሞላላ ኳስ የሚጫወቱትን የአውስትራሊያ እግር ኳስ መጀመሪያ ላይ እንደ ግፊያ ነበር የማየው፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአሠልጣኙ የሮን ባራሲ ታሪክ ነው።

አባቱ በፈረንጆች 1941 ቶብሩክ ላይ በጦርነት ሲሞት ሮን ገና አምስት ዓመቱ ነበር። በጉርምስናው የሜልበርን ክለብ አሠልጣኝ ኖርም ስሚዝ ቤቱ አስጠጋው። በተጫዋችነት ከክለቡ ጋር 6 ዋንጫ ካነሣ በኋላ ደጋፊውን አስከፍቶ በተጫዋች አሠልጣኝነት ወደ ካርልተን ክለብ ተሻገረ።

የ1970ው ፍጻሜ ግን ይለያል። ከ121 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት፣ በእረፍት ሰዓት የካርልተን ተጋጣሚ ኮሊንግዉድ በ44 ነጥብ ይመራ ነበር። ባራሲ ተጫዋቾቹ ኳሷን በእጃቸው እየመቱ በፍጥነት እንዲቀባበሉ አዘዘ፤ ተቀያሪው ቴድ ሆፕኪንስም ገብቶ 4 ጎል (አንዱ ጎል 6 ነጥብ ነው) አስቆጠረ። ካርልተን በ10 ነጥብ አሸነፈ። እንዲህ ያለ መገለባበጥ በየትኛው ሊግ አይታችኋል?

ኋላም ኖርዝ ሜልበርንን በ1975 እና በ1977 ለዋንጫ አብቅቷል። በ2023 በ87 ዓመቱ ሲያርፍ እናንተ ጋ አንድ መስመር እንኳ አላነበብሁም።

አንባቢያችሁ፣ ከሜልበርን