የፈንገስ ናሙናዎቻችንን ስም ስለማስተካከል

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቤተ ሙከራ ተገናኝተን የዕፅዋት ፈንገስ ናሙናዎችን ስም እናስተካክላለን። በፊት አንድ ፈንገስ ለወሲባዊውና ወሲባዊ ላልሆነው መልኩ ሁለት ስም ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሜልቦርን ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ይህን አስቀርቷል። የእኛ ሳጥኖች ግን ገና አልሰሙም! ጊበሬላ ዜኤ (የወሲባዊው መልክ ስም) እና ፉሳሪየም ግራሚኒያረም (ወሲባዊ ያልሆነው መልክ ስም) አንድ ፈንገስ ሆነው ሳለ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ፉሳሪየም ብለን እናዋህዳቸዋለን።

የድሮውን ስም አትሰርዙ፣ አዲሱን ከጎኑ ጻፉ። የቆዩ ጽሑፎችን የምናገኘው በድሮው ስም ነው።

ሩዝን የሚያሳምመውን ፈንገስ ደግሞ ከሁለቱ ስሞቹ ማግናፖርቴ እንበል ወይስ ፒሪኩላሪያ? እዚያው እንወስናለን። እኔ ፒሪኩላሪያ ባይ ነኝ።

ላፕቶፕና የናሙና መዝገባችሁን ያዙ። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።