ለተራመዳችሁልኝ ሁሉ

ተመስገን፣ የሦስተኛ ዲግሪዬን ዲፌንስ አድርጌ ጨረስኩ። እንኳን ደስ ያለህ ላላችሁኝ በሙሉ እንኳን አብሮ ደስ አለን።

«ስፖርት ተምረህ ከበሽተኛ ጋር ምን ትሠራለህ?» የምትሉኝ አልጠፋችሁም። ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ወደ ስፖርት ሳይንስ የገባሁትም እንደ ብዙው ሰው ሯጭ ላጠና ነበር፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት ቀይ የደም ሴል የሚያበዛ ሆርሞን ማመንጨቱ ያስደንቀኝ ነበር። ግን ሯጭን የሚያጠና አይጠፋም። ደም ግፊት ላለበት ሰው «እንቅስቃሴ አድርግ» ይባላል፤ ስንት ደቂቃ፣ በምን ፍጥነት የሚለውን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ነው የጠፋው፤ ጥናቴን ወደ በሽተኛ ያዞርኩት ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እያወሩ የሚሄዱበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ማለት ነው።

ዋናው ምስጋናዬ የ6 ደቂቃውን እርምጃ፣ ማለትም ሰው በ6 ደቂቃ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ የሚለካበትን ፈተና፣ ለተራመዳችሁልኝ ነው። ሥርዓቱ ቀላል ይመስላል፤ 30 ሜትር ኮሪደር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ኮን፣ መሮጥ ክልክል። የደከመው ቆሞ ማረፍ ይችላል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ይህን ያወጡት ሰዎች የባሕር ዳርን ሰላምታ አያውቁትም። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገሰግሱ የጎረቤታቸውን ልጅ አዩና ቀጥ አሉ። ልጆቹ ደኅና ናቸው? እናትህ ተሻላት? ሰዓቱ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከተፈቀዱት ጥቂት ቃላት በቀር ማበረታታት አይፈቀድልኝም። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ግን ማን ከልክሏቸው፣ እልልታውን አቀለጡት። ካረፉ በኋላ ደገምነው፤ ያኔ ደግነቱ ዘመድ አላለፈም።

ከዘጌ በጀልባ ለምትመጡት፣ ሐይቁ ሲናወጥ በመኪና ዞራችሁ ቀጠሮ ላላጓደላችሁት፣ ውለታ መላሽ ያድርገኝ። ግፊት የለካችሁልኝ ሲስተሮች፣ ከሥራ ሰዓታችሁ ውጪ መቆማችሁን አልረሳም። አማካሪዎቼ፣ በቀይ እስክሪብቶ ያጠገባችሁኝን ገጽ ሁሉ አስቀምጨዋለሁ። ባለቤቴ፣ ያንቺን ቤት ውስጥ እንጨርሰዋለን።

የየራሳችሁን ውጤት በአማርኛ ጽፌ በእጃችሁ አደርሳለሁ። «መራመድ ከጀመርኩ ወዲህ ኪኒኑን ተውኩት» ያሉኝ ጋሼ ግን፣ እባክዎ ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ እንዳይተዉት።