ከኢታንግ፣ በዝናብ መካከል

የተወደዳችሁ የአገልግሎታችን አባላት፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

የባሮ ወንዝ ሞልቷል። ከኢታንግ ወዲያ ያለው ጥቁር አፈር ወደ ጭቃነት ስለተለወጠ መኪናዋን ትተን በታንኳ ሄድን። የኑዌርኛ መጽሐፍ ቅዱሶቹን በላስቲክ ጠቅልለናቸው ነበር፤ ሆኖም አንዱ ካርቶን ውሃ ገባበት። እናቶች ገጾቹን አንድ በአንድ እየገለጡ በእሳት ዳር ሲያደርቁ አመሹ። ስብከት ያልነበረበት ምሽት ቢሆንም እኔ ከሁሉም አስበልጬዋለሁ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካርቱም የንግድ መርከቦች በዚሁ በባሮ ጋምቤላ የሚደርሱት ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር። እነርሱ የናፈቁት ውሃ እኛን ማስመረሩ ያስቀኛል።

ወባው በርትቷል። ቀጣዩ ቡድን አጎበርና የጎማ ቦት ጫማ ሳይዝ እንዳይነሳ። ጊታሩን ግን ተዉት፤ ከበሮ እዚህ ሞልቷል።